የዱዓ ጉድጓድ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሃፍሳ ግን ከሥሩ አልጠየቀችም። ከባሏ ከጠሃ ጋር ከደሴ መጥተው ዓለም ጤና አቅራቢያ ሽንኩርት ማልማት ከጀመሩ ገና ሦስተኛ ወራቸው ነው፤ የሁለቱም ኦሮምኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ከማሳቸው በታች ያለውን ጎድጓዳ ስፍራ ስም ጎረቤታቸውን ኦቦ ጫምሳን ስትጠይቃቸው፣ ሽማግሌው ከብቶቻቸውን እየነዱ "ቦላ ዱኣ" ብለዋት አለፉ። ቦላ ጉድጓድ መሆኑን ከቀን ሠራተኞቹ ሰምታለች። ዱኣን ደግሞ ምን አስጠየቃት? ዱዓ ያው ዱዓ ነው፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ እጇን ዘርግታ ስትለምን ያደገች ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ አቧራ ሲያነሳ፣ ወርዳ አየችው። ወፍ የለም፤ ዝንብ እንኳ የለም። መሬቱ ከእግር ሥር ለብ ይላል። እንዲህ ያለ ጸጥታ የደጋጎች ስፍራ ምልክት መሰላት፤ ምስኪን፣ ዝንብ የሸሸው ቦታ ለሰው ይበጃል ብላ። ቆማ ለመነች። ሁለት ጽንስ ወርዶባታል፤ ሦስተኛው አምስት ወሩን ይዟል። አፍንጫዋን እንደ አምቦ ውሃ ቆንጠጥ አደረጋት እንጂ ምንም አልሆነችም።

ለጠሃ ነገረችው። ጠሃ ደግሞ ነገር ሲይዝ ግማሽ አያውቅም። "ዱዓ ብቻማ አይበቃም፤ አርብ ጠዋት ወርጄ ሁለት ረከዓ እሰግድበታለሁ" አለ። አርብ ፀሐይ ከፍ ስትል መስገጃውን በብብቱ ይዞ ወረደ። ነፋስ አልነበረም።

ብዙ ሳይቆይ ኦቦ ጫምሳ ወተት ይዘው መጡ። "ጠሃ የለም እንዴ?"

"ቦላ ዱኣ ወርዷል፤ ሊሰግድ።"

ሽማግሌው የወተቱን ጆግ መሬት ላይ አስቀመጡ። "እዚያ ምን ስግደት አለ?"

"የዱዓ ጉድጓድ አይደል እንዴ? እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።"

"ያ ረቢ። ልጄ፣ ዱኣ በእኛ ቋንቋ ሞት ነው።"

ኦቦ ጫምሳ ክንዷን ይዘው ቁልቁል እየጎተቷት፣ እያለከለኩ ነገሯት። "ከመሬት የሚወጣ ትንፋሽ አለ፣ አይታይም። ነፋስ ሲኖር ይበተናል። በጸጥታ ጠዋት ግን እታች ይተኛል፣ እስከ ጉልበት ድረስ። ላም ታልፋለች፣ ፍየል ትቀራለች። የቆመ ሰው ምንም አይሆንም፤ መሬት የተደፋ አይነሳም።"

መሬት የተደፋ። ግንባር መሬት ሳይነካ ሶላት የለም። ሃፍሳ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም፤ ሽማግሌውን ጥላቸው ሮጠች።

ከአፋፉ ላይ ስትደርስ ጠሃ ከታች ቆሟል፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ። በሕይወት አለ። "ጠሃ!" አለች። አልዞረም። "ጠሃ!" ሶላት ላይ ያለ ሰው ሲጠሩት አይመልስም፤ እሱ ደግሞ በሶላቱ አይቀልድም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ቀና አለ፣ ሳል ያዘው። ቀጥሎ ያለው ሱጁድ ነው፣ ግንባርን መሬት መድፋት። ሮጣ አትደርስበትም።

ያኔ ትዝ አላት፤ ሶላት ነፍስ ለማዳን ይቋረጣል። ሆዷን ይዛ ቁጭ አለችና ባለ በሌለ ድምጿ ጮኸች፤ "ጠሃ፣ ድረስልኝ! ልጁ!"

አንድ ጉልበቱ መስገጃውን ነክቶ ነበር። ተነሳ። ዳገቱን እየወደቀ እየተነሳ ወጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። "ምን ሆነ? ልጁ ምን ሆነ?" ሃፍሳ ሸሚዙን ጨብጣ አልለቅም አለች፤ ነገሩን የነገሩት ኋላ የደረሱት ኦቦ ጫምሳ ናቸው።

መስገጃውን ያወጡት ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲነሳ፣ በረጅም እንጨት ስበው ነው። ግንባር የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዲት ድንቢጥ ሞታለች።

ልጁ በሰላም ተወለደ። ጠሃም እቤቱ፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ፣ በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳል። ግንባሩ መሬት በነካ ቁጥር ሃፍሳ እጇ ላይ ያለውን ሥራ ትተዋለች፤ ቀና እስኪል ድረስ አትተነፍስም።