አራት ጣሳ ዘር

ወይንሸትን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፦ የተከደነ ነገር ካየች እረፍት የላትም። ጎረቤት ዘንድ ደርሳ የተጣደ ድስት ካየች "ምንድን ነው እሱ?" ሳትል አትመለስም። ምን ታድርግ፣ ተፈጥሮዋ ነው! እንግዲህ እንዲህ ያለችዋ ሴት ናት፣ የትግራይ ጦር ከመርሳ በወጣ በወሩ፣ በ2014 ጥር ላይ፣ ያላትን ዘር ጠቅልላ ይዛ ቆርቆሮ ሠሪው አረጋዊ ደጅ የቆመችው።

ቤቷ ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ነበር ማለት ይሻላል፤ ጣሪያውን ከባድ መሣሪያ ወስዶት እሷና ልጆቿ ሸራ ሥር ናቸው። ጎተራው ተራቁቷል። የተረፈው ለዘር ብላ ጓሮ የቀበረችው ማሽላ ብቻ ነው፤ ከአባቷ የወረሰችው ጅጉርቲ የሚባል የማሽላ ዓይነት። ደህና ዘመን ቢሆን ዘሩን ከነዛላው ከምድጃው በላይ ትሰቅለው ነበር፤ ጭስ ያለበት ነቀዝ ዝር አይልም። አሁን በየት ትስቀለው፣ ጣሪያው የት አለና! ነቀዙ ደግሞ ገብቶበታል፤ ጆሮዋን ጆንያው ላይ ስታስጠጋ ሲንኮሻኮሽ ትሰማዋለች። ይኼ ከተበላ የምትዘራው የላትም። ካልዘራች ልጆቿ ከርሞም የእርዳታ ስንዴ መኪና ሲጠብቁ ሊውሉ ነው።

አያ አረጋዊ ከትግራይ መጥተው መርሳ ሰላሳ ዓመት የኖሩ፣ ልጆቻቸውን እዚሁ ያሳደጉ ሽማግሌ ናቸው። ከጦርነቱ ወዲህ ሥራ የሚያመጣላቸው ጠፍቷል፤ ሰላምታውም ቀዝቅዟል። እሳቸው ግን እጃቸው አያርፍም። ሰው ጨርሶ የጣለውን የእርዳታ ዘይት ጣሳ እየለቀሙ ኩራዝ፣ ወንፊት፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ ይሠራሉ።

"አያ፣ ነቀዝ የማይገባበት ነገር ይሠሩልኛል?"

"የማይገባበት ብቻ? የገባውንም እንገድለዋለን" አሉ።

አራት ጣሳ በአመድ አጥበው ፀሐይ ላይ አደረቁ። ዘሩን እስከ አንገታቸው ሞሉባቸው። ከዚያ ወይንሸት ዓይኗን ማመን አቃታት፤ በየጣሳው ማሽላ ላይ ቁራጭ ሻማ ተክለው ለኮሱ!

"ኧረ አያ! ዘሬን ሊያቃጥሉት ነው እንዴ?"

"ዝም ብለሽ እይ።" ክዳኑን ገጥመው ዙሪያውን በቀለጠ እርሳስ ደፈኑት። "ሻማው የጣሳውን አየር ይበላል፤ ሲያጥረው ይጠፋል። የተረፈችውን ነቀዙ ይተነፍሳታል፤ ስታልቅበት እሱም ያበቃለታል። ግን ስሚኝ፣ እስከ ግንቦት እንዳትከፍቺ! አየር ከገባ ፍሬው ውስጥ ያለው እንቁላል ተፈልፍሎ ልፋታችን ከንቱ ነው።"

"ሻማው መጥፋቱ በምን ይታወቃል?"

"አይታይም። እኔን ማመን ነው እንግዲህ።"

ለወይንሸት እንዲህ ይባላል! ጣሳዎቹን ይዛ ከገባች ጀምሮ ታንኳኳለች፣ ትነቀንቃለች፣ ታሸታለች። ሞቆ እንደሆነ ብላ ጉንጯን ታስጠጋለች። ነቀዝ ሲሞት ድምፅ አለው? ዘሩስ አይታፈንም ወይ፣ እሱም ነፍስ አለው እኮ!

"ይኼኔ ቆልተውልሻል" አለቻት ጎረቤቷ ጽጌ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም "ደግሞስ ዘርሽን ማን እጅ ነው የሰጠሽው? በዚህ ጊዜ!" አለች።

ወይንሸት ተቆጣቻት። ትቆጣ እንጂ ነገሩ ሆዷ ገብቷል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጆቿ ውሃ ሲወርዱ ጠብቃ፣ ቢላዋ አንስታ አንዱን ጣሳ ፈለቀቀችው።

ሻማው ተጋምሶ እንኳ ሳያልቅ ጠፍቷል። ነቀዙ ማሽላው ላይ ተዘርሯል፤ በጣቷ ብትነካው ንቅንቅ የለም። ዘሩ ደህና ነው። እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ ወዲያው ግን አፈረች። አሁን አያ ዘንድ ሄዳ ምን ትበል? ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ዙሪያውን በሳሙና መርጋ ከሌሎቹ ኋላ ሸሸገችው።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ጣለ። አያ አረጋዊ መቁረጫቸውን ይዘው መጡ። ጽጌም መጣች፤ የወይንሸትን ማሳ በበሬው ሊያርስ የመጣው ካሳሁንም ቆመ። ዘሩ ከተረፈ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጣሳ ሊያሠራ ስለሆነ ዓይኑ እዚያው ነው።

አንደኛው ሲከፈት ማሽላው እንደገባ ወጣ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ግን ዱቄት ሆኗል፤ ነቀዙ ከነልጅ ልጁ እየተንጋጋ ወጣ።

"አላልኩሽም!" አለች ጽጌ።

ካሳሁን ሽማግሌውን ገርመም አደረጋቸው። "ይኼኛውን ተሳስተው ነው ወይስ ሆን ብለው?"

አያ የክዳኑን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱ የደረቀ ሳሙና ተፈረፈረ። ቀና ብለው ወይንሸትን አዩዋት። ከዚያ ክዳኑን ገልብጠው ጉልበታቸው ሥር አደረጉና "የኔ ጥፋት ነው፤ እርሳሱ ሳይይዝ ቀርቶ ነው" አሉ።

ወይንሸት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትል ከአያ በቀር ማንም አያውቅባትም። ነገር ግን ከነገ ጀምሮ ጣሳ ይዞ የአያን ደጅ የሚረግጥ አይኖርም።

"ውሸታቸውን ነው!" ብላ ጮኸች። "እኔ ነኝ የከፈትኩት! ከፍቼ በሳሙና የደፈንኩት እኔ ነኝ!" ወደ አያ ዞረች፤ እንባዋ ቀደማት። "ይህን ሁሉ ዘመን አውቄዎት፣ አላመንኩዎትም አያ።"

ጽጌ አንገቷን ደፋች። ካሳሁን ጅራፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"በስንተኛው ቀን ነው የከፈትሽው?" አሉ አያ።

"በአሥራ ሁለተኛው።"

"አሥራ ሁለት ቀን ቻልሽ!" ከት ብለው ሳቁ። "መታሰቢያ፣ ሚስቴ፣ ያን ዕለት 'ይቺ ሴት ሦስት ቀንም አትታገሥም' ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ 'የለም፣ እስከ ግንቦት ትጠብቃለች' ብዬ የተሟገትኩልሽ። አምኜሽ ነበር።"

ካሳሁንም ጽጌም ሳቁ። ወይንሸትን ግን ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ከተበላው ዘር ይልቅ አንገበገበቻት። ሦስቱን ጣሳ አቅፋ፣ እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ማሳው ወረደች።