መስታወቱ ውስጥ ያለው መንገድ

ዳቦ ሻጯ ከሱቄ ፊት ለፊት መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጭቷት ሞተች። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ስትገጭ ያየሁትም እኔ ብቻ። ማየቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምን እንዳየሁ ግን አሁን እኔም አላውቅም።

ያን ቀን ትራፊክ ፖሊሱ ሱቄ በር ላይ ፊቴን ወደ መንገዱ አቁሞኝ "መኪናው በየት በኩል መጣ?" ሲለኝ ግራ እጄን ዘረጋሁ። በግራ በኩል ዳገቱ ነው። ከዳገቱ የወረደው ደግሞ ኤሊ ነበር፣ ባለታክሲው ጎረቤታችን። ኤሊ ያልነው እኛው ነን፤ አነዳዱን አይተን። "ዛሬስ ቸኩያለሁ፣ በእግሬ ልሂድ" እያልን እንቀልድበት ነበር። ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። "ወድቃ ነው ያገኘኋት" ቢል ማን ይስማው? ነጭ ፒክአፕ ከታች መጥቶ ሳይቆም ሄደ ያሉም ነበሩ፤ የኤሊም ታክሲ ነጭ ነው። የእኔ እጅ በቃና ኤሊ ታሰረ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሰው በልማዱ ይመጣና በሩን አይቶ ይመለሳል። የኤሊን ሚስት ሰላም የሚላት ጠፋ። ልጆቿን ልጆቻችን አያጫውቷቸውም።

ትናንት አንድ ደንበኛ እየላጨሁ የኤሊን ሚስት መስታወቱ ውስጥ አየኋት፤ በግራዬ በኩል ትመጣለች። አፍሬም ቢሆን ሰላም ልበላት ብዬ ወደ በሩ ዞር ስል፣ በቀኜ ናት! ማሽኑን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ግማሽ ራሴን ትተህ የት ልትሄድ ነው?" አለ ደንበኛው።

ሥራዬ ለመንገዱ ጀርባ መስጠት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ አላፊ አግዳሚውን የማየው በመስታወት ነው። ያን ቀንስ? ፍሬኑ ሲጮህ ዞሬ ከነበረ፣ ግራ ያልኩት ግራ ነው። ካልዞርኩ ግን መኪናው የመጣው ከታች ነው፣ ኤሊ በከንቱ ታስሯል። ሰው የገዛ አንገቱን መዞር እንዴት ይረሳል? በራሴ በገንኩ።

ዛሬ የሟቿ ባል፣ አናጢው፣ ጺሙን ሊላጭ መጣ። ነገ ችሎት አለ፤ የምመሰክረው እኔ ነኝ።

"ያየ ሰው ባይኖር አብድ ነበር፣ ወንድሜ" አለኝ። "አንተን ነው የያዝኩት።"

ምላጩን አስቀመጥኩ። "ያየሁት በመስታወት ይመስለኛል።"

"ቢሆንስ?"

ከኋላችን የጭነት መኪና አለፈ። "ይሄ በየት በኩል መጣ?" አልኩት። መስታወቱን እያየ ግራ እጁን ከፎጣው ሥር አውጥቶ ዘረጋ።

"እጅህን እንዳታወርድ" አልኩና ወንበሩን ወደ በሩ አዞርኩት።

እጁ ዳገቱን ይጠቁማል። ከታች የመጣው መኪና ዳገቱን ገና እያቃሰተ ይወጣል።

መኪናውን እስኪሰወር በዓይኑ ሸኘው። "ዞረህ ነበር ወይስ አልዞርክም?"

"አላውቅም።"

"ነገስ ምን ልትል ነው?"

"አላውቅም ልል ነው።"

እጁን ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አሳረፈ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ታዲያ እኔ ማንን ልጥላ?"

ወንበሩን ወደ መስታወቱ ልመልሰው ስል ክንዴን ያዘኝ።

"ተወው" አለ። "እንዲሁ ላጨኝ።"

ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ ላጨሁት።