ዳሌህን ያምሃል?

…እና አሁን ደግሞ ያምሃል ወይ ይሉታል፣ ዛሬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አያምህም አይደል ሲሉት ከርመው፣ ዶክተር ፍሪሰን ግራ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ደረቱ ያጥፋል፣ እዚህ ጋ፣ እዚህስ ጋ፣ ዳሪል ሃውሪሉክ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ኮርኒሱን ያያል፣ ያማል እንጂ፣ እናትን ያስጠራል፣ እንዴት አያም፣ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። ፊቱን በረዶ ላይ ነው ያሠለጠነው። በረዶ ላይ በዱላ የሚመቷት የሆኪዋ ድፍን ጎማ ሁለት ጥርሱን ያረገፈችው ቀን እንኳ ደሙን ተፍቶ ወደ ጨዋታው ተመልሷል።

ሎርን መስኮቱ ጋ ቆሟል። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ተጫዋች ሲመረመር እዚህ ምን ያደርጋል፣ አክስቱ ናት እንዴ የታመመችው፣ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፣ ይመልሳል፣ እንደገና ያወጣል፣ የዝውውሩ በር ዛሬ ከሰዓት ይዘጋል፣ ከአሜሪካ የሚያመጡት ልጅ ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ተከላካይ፣ እንደ ዳሪል፣ ጉልበቱ ትኩስ፣ ሁለቱ ክለቦች ተስማምተዋል፣ የቀረው የልጁ ደመወዝ የሚገባበት ቦታ ብቻ ነው፣ ቦታውን የያዘው ማነው፣ ዳሪል።

ትናንት ከልምምድ በኋላ ሎርን ቢሮው አስገብቶ ቡና በገዛ እጁ ቀዳለት፣ ያኔ ነበር መንቃት፣ ሎርን ለሰው ቡና ከቀዳ ነገር አለ። ስማኝ ሃውሪ፣ ሊጉ ያስቀመጠውን የደመወዝ ጣሪያ ታውቃለህ፣ የሁላችሁም ተደምሮ ከዚያ አንድ ዶላር አያልፍም፣ እኛ ደግሞ ጣሪያውን በአናታችን እየነካን ነው። አውቃለሁ ሎርን፣ ወደ ጉዳዩ። ጉዳዩማ፣ የረጅም ጊዜ ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ደመወዙ ከጣሪያው ስር ይነሳል፣ አይቆጠርም፣ ቦታው ለሌላ ሰው ይለቀቃል፣ አንተ ሳንቲም አትጎድልብህም፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ ትበላለህ፣ ሐኪሙ ጋ ገብተህ እውነቱን መናገር ብቻ ነው። እውነቱን! ይህን ቃል ከሎርን አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

መሸጥማ አይችሉም። “ተጫዋቹ በጽሑፍ ካልተስማማ በስተቀር ወደ ሌላ ክለብ ሊዛወር አይችልም”፣ ውሉ ላይ አለ፣ ያቺን መስመር ለማስገባት ስንት ገንዘብ ትቶ ነው የፈረመው፣ ልጆቹ ከከተማ ከተማ እንዳይንከራተቱ፣ ሚስቱ ጆሊን እህቷ ካለችበት ከሳስካቱን ከተማ እንዳትርቅ። በበር ሲከለከሉ በዳሌው መጡ። አቦ! በሠላሳ ስድስት ዓመቱ እዚያ የጉዳተኛ መዝገብ የገባ ሰው ደግሞ አይመለስም፣ መልበሻ ክፍል ያለ ሁሉ ያውቀዋል፣ ደመወዙ በየወሩ ይገባለታል፣ መቀመጫው ላይ ሌላ ሰው ጫማውን ያስራል፣ ደህና ዋል ሃውሪ ብሎ የሚሸኝ እንኳ የለም። መጫወት ነው የሚፈልገው። ሌላ ምንም አይፈልግም፣ በራሱ እግር ገብቶ በራሱ እግር መውጣት።

እና የማደንዘዣው መርፌስ? ይኸው ፍሪሰን አይደለም እንዴ ካቻምና ጀምሮ ከጨዋታ በፊት እዚህችው አልጋ ላይ የሚወጋው፣ ሎርን በሩን ተደግፎ፣ ይችላል አይደል ዶክተር፣ ይችላል፣ አይዞህ ሃውሪ አንተ ብረት ነህ። ያኔ ደመወዙ ከጣሪያው ስር ይበቃ ነበር። ስለዚህ ዳሌው ጤነኛ ነበር።

ካልሲህስ የት አለ? ዶክተሩ ነው፣ ባዶውን ግራ እግር አየ፣ ጣቶቹ በብርድ ቀልተዋል። ኪሴ ውስጥ። ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል? ምን ይበለው፣ ጎንበስ ማለት ካቃተው ጀምሮ የግራውን ካልሲ የምታጠልቅለት ጆሊን ናት፣ ዛሬ ጠዋት ግን ጭኑ ላይ ወረወረችለት፣ ራስህ አጥልቅ። ምን አጠፋሁ ጆ? አያመኝም ልትላቸው አይደል የምትሄደው፣ ካላመመህ አጥልቃ! እሱም እልኸኛ፣ መኪናው እንኳ ሞተሩ በረዶ እንዳይሆን ኤሌክትሪክ ተሰክቶ በሚያድርበት ብርድ ባዶ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ መጣ። ቂል። እሷም እውነቱን ተናገር ትላለች፣ ሎርንም እውነቱን ተናገር ይላል፣ እሷ ለእሱ ብላ ነው፣ ሲያረጅ ደረጃ እንዲወጣላት፣ ሎርን ለጣሪያው፣ ቃሉ ግን አንድ ነው፣ ይሄ ነው የሚያሳብደው።

ሎርን ይስቃል። በቃ፣ ይኸው ማስረጃው፣ ካልሲ ማጥለቅ ያቃተው ሰው፣ አትኩራ ሃውሪ፣ ያመኛል በልና እንገላገል።

እንገላገል። አያመኝም ካለ ውሸት ነው፣ ደግሞ እነሱ ያስተማሩት ውሸት፣ ያመኛል ካለ እውነት ነው፣ ግን ለነሱ በልክ የተሰፋ እውነት፣ ከዛሬ ጠዋት የሚጀምር። ከዛሬ ጠዋት? ቆይ። ለምን ከዛሬ? ቆይ ቆይ።

ክርኑን ተደግፎ ይነሳል፣ ወገቡ ድረስ እሳት፣ ይቀመጣል። ያመኛል ዶክተር፣ ይጻፉ። ሎርን ትንፋሹን ለቀቀ፣ ስልኩ ወጣ፣ ጣቱ ቁጥር ይፈልጋል። ኧረ አልጨረስኩም ሎርን፣ ምን ያስቸኩልሃል፣ ይጻፉ ዶክተር፣ ካቻምና ጀምሮ ያመኛል፣ ዳሌዬን ራጅ አንስተው አይተዋል፣ አይተውም ወግተውኛል፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ይጻፉ፣ እያንዳንዱን መርፌ፣ እያንዳንዱን ጨዋታ፣ አንድም እንዳይቀር፣ መዝገብ ከመግባቴ በፊት የሊጉ ሐኪምም የተጫዋቾች ማኅበሩም ያነቡታል፣ ከታች ደግሞ የሐሙሱን ጨዋታ እጫወታለሁ ብሏል ብለው ይጨምሩ።

ስለ ድሮው ማን ጠየቀህ? ሎርን ነው፣ ጆሮው ቀልቷል። እኔ። ምን ነካህ፣ አብደሃል እንዴ ሃውሪ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ያበላህን ክለብ? የበላሁት ላቤን ነው ሎርን፣ ከዛሬ ጠዋት የሚያመኝ ዳሌ የለኝም፣ ያለኝ ይሄ ነው፣ ከፈለጋችሁት ከነታሪኩ ውሰዱት።

ፍሪሰን ቀና አይልም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አይነካም፣ አይጽፍም፣ የሎርን ስልክ ይጠራል፣ ከአሜሪካ ይሆናል፣ ይጥራ፣ ዳሪል ካልሲውን ከኮቱ ኪስ ያወጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ አህህ፣ ጮክ ብሎ፣ በዚህ ክፍል የሕመም ድምፅ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው፣ ፊቱን አይደብቅም፣ ይዩት፣ ጣቶቹ ገቡ፣ ስልኩ ይጠራል፣ ተረከዙ ቀረ፣ አይቸኩልም፣ የቸኮለው ሎርን ነው፣ አህ፣ ገባ።