በግራ ወንበር ያለው ዓይን

የመኪናዋ መሪ በቀኝ ነው፤ አገሩ ደግሞ ቀኝ ተይዞ የሚነዳበት። እንዲህ ያለች መኪና ሁለት ሰው ትፈልጋለች። ባለ ሁለት መስመሩ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ከፊት ሲደቀን ከማዶ የሚመጣውን የሚያየው በግራ የተቀመጠው እንጂ ነጂው አይደለም። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ በግራ የተቀመጠችው እሷ ነበረች።

"አለ?" ይላታል ባሏ።

"አለ፤ ቆይ።" ወይም "የለም፤ እለፍ።"

ይህን ቋንቋ ያወጡት እንደተጋቡ ሰሞን ነው። "ልለፍ?" ቢላት "የለም!" አለችው። እሷ እንዳያልፍ መከልከሏ ነበር፤ እሱ መኪና የለም ያለችው መሰለው። አውቶቡስ ለጥቂት ሳታቸው። ዳር ይዘው ቆሙ፤ ድንጋጤው ሲለቀው "አንቺ ሴትዮ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ አማርኛ ይህን ነው?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው "አለ?" ብቻ ሆነ።

ዛሬ በቀኝ የተቀመጠችው እሷ ናት። ቦርሳዋን እንኳ በግራው ወንበር አላኖረችም፤ ከኋላ ወርውራዋለች። የባሏን መርዶ ያልሰማ ሰው ደውሎ "አለ?" ሲላት "ወጥቷል" እያለች ነው እስካሁን የምትመልሰው።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ሩቅ ከተማ ጋራዥ አለው። ለመኪናዋ ገዢ አግኝቷል። ጠዋት ደውሎላት ነበር።

"እትዬ፣ ቀኝ መሪ ለብቸኛ ሰው አይሆንም። ማን ሊያይልሽ ነው?"

"ዓይን አለኝ።"

"መነጽርሽንም ቆጥረሽ ነው?"

"ሳይመሽ ነድቼ ደጅህ ካቆምኳትስ?"

"ያኔማ መሸጥ የሚባል ነገር ካፌ አይወጣም። ከመሸ ግን ቁልፉን ትሰጪኛለሽ።"

"እሰጥሃለሁ" አለች፤ ቀላል ነገር እንደምትናገር ሆና። የባሏን ልብስ ለሰው ሰጥታለች፤ መጻሕፍቱንም። መኪናዋን ግን አልቻለችም።

ከቀትር በኋላ ጣውላ ከጫነ መኪና ኋላ ገባች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሄኛው እንቁላሉ ራሱ ቀድሞት የሚገባ ዓይነት ነበር። የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ግራ ብቅ አደረገች፤ ከማዶ የመጣ አውቶቡስ ጮኸባት፤ ተመለሰች። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ተመለሰች። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። በዚህ አያያዝ ከጣውላው ጋር አብራ መምሸቷ ነው።

ተስፋ ስትቆርጥ ፍጥነቷን ቀንሳ ከመኪናው ራቅ አለች። መንገዱ ኮረብታውን በግራ ትቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ይኼኔ በጣውላው ቀኝ ጎን፣ በራሷ በኩል፣ የፊቱ መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ ወለል ብሎ ታያት። መንገዱ ሲቀና ጣውላው መልሶ ጋረዳት።

እጇ መሪው ላይ እንዳለ አሰበች። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ለነጂው ይታያል ማለት ነው። በግራ ላለው ግን ምንም አይታየውም። ታስታውሳለች፤ እንዲህ ባለው መታጠፊያም ባሏ "አለ?" ይላት ነበር። እሷም አንገቷን አስግጋ "አይታየኝም፤ ቆይ" ትለው ነበር። እሱም መንገዱን ወለል አድርጎ እያየ፣ እያፏጨ፣ ለእሷ እስኪታያት ይቆይ ነበር።

መንገዱ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ቀኝ ዞረ። እስከ ሩቁ ዳገት አየች፤ ባዶ ነው።

"አለ?" አለች ጮክ ብላ።

ራሷው መለሰች።

"የለም።"

መንገዱ እንደቀና ፍሬቻ አሳይታ ወጣች። ጣውላው በራሷ መስኮት በኩል ወደ ኋላ ቀረ።

የጋራዡ ደጅ ስትደርስ ብርሃን ነበር። ዋርሳዋ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

"እትዬ! ማን አየልሽ?"

"ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ለነጂው እንደሚታይ ታውቅ ነበር?"

"እሱን የማያውቅ የቀኝ መሪ ነጂ አለ እንዴ?"

ቁልፉን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ወረደች።