መቋሚያውን ያስቀምጡልኝ

ሚሊኒየሙ ሊገባ ስምንት ወር ሲቀረው፣ በእውቀቱ ላሊበላ ካለው ቤቱ ጓዳ ውስጥ የድምፅ መቅረጫ ክፍል አቋቋመ። አቋቋመ ማለት፣ ከደሴ የገዛውን አሮጌ ኮምፒውተር ሣጥን ላይ ጎልቶ፣ ማይክራፎኑን ከጣሪያ አንጠልጥሎ፣ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶንና በባና ሸፈነው። ሚስቱ አሰለች ብቅ ብላ አየችና «ዶሮ ልታረባ ነው?» አለችው።

እሱ ግን ለቁም ነገር ነው። በልጅነቱ ዳዊት ያስተማሩት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል። ከመምህራቸው የወረሱትን የማኅሌት አቋቋም ሙሉውን የያዘ ሰው ከእሳቸው ሌላ የለም። ብርቱው ተማሪያቸው ደባሱ እንኳ ገና እኩሌታው ላይ ነው። በእውቀቱ የኔታ ሳያልፉ ሁሉንም ቀርፆ ሊያስቀር ማለ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ እሱ ራሱ ትምህርቱን ከዳዊት ሳያሳልፍ ጥሎ ወደ ከተማ መኮብለሉ ሲቆጠቁጠው ኖሯል። በዚህ ሊክሳቸው ፈለገ።

የኔታን ከገነተ ማርያም በበቅሎ አስመጣቸው። የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ሲያዳምጥ ከድምፃቸው ሥር «እዝዝዝ» የሚል ነገር ሰማ። አምፖሉን አጠፋ፤ እዝዝታው አለ። የሶኬቱን ሽቦ ቀየረ፤ አሁንም አለ። ጣጣው የኮምፒውተሩ እንደሆነ ለመለየት በአሮጌ ቴፕ፣ በካሴት መቅረፅ ጀመረ። ይህን ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ጆሮው ገባ። የኔታ እያዜሙ በመቋሚያቸው ወለሉን ይመታሉ፤ ድም፣ ድም። መታገሥ አቃተውና ከመሀል አቋረጣቸው።

«የኔታ፣ እባክዎ መቋሚያውን ያስቀምጡልኝ።»

ቴፑንም አጠፋ።

«ዜማው በምን ሊቆም ነው ልጄ?» አሉ የኔታ።

«መቋሚያውን ኋላ ለብቻው እንቀዳዋለን። አዲስ አበባም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ምት።»

የኔታ «እንግዲህ የመኪናህን ሕግ የምታውቀው አንተ ነህ» ብለው መቋሚያቸውን በዳበሳ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ሰው ቤት ገብቶ መከራከር የእሳቸው ጠባይ አልነበረም።

እዝዝታው በካሴቱም ላይ ስለተገኘ፣ በእውቀቱ ነገሩ ከሽቦው ሳይሆን ከቤቱ መሆኑን አወቀ። ጆሮውን ከግድግዳ ለጥፎ ሲዞር ደረሰበት፤ ወዲያ ማዶ አሰለች ለስላሳ የምታቀዘቅዝበት ፍሪጅ ኖሯል። ነቀለው። ምስኪኗ አሰለች ሁለት ሳምንት ሙሉ ለብ ያለ ለስላሳ እየሸጠች የደንበኞቿን ሽሙጥ ጠጣች።

ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰና ሥራው ሰመረ። ኮሽ የሚል የለም። የኔታ ሲያዜሙ ግን ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ያለ ድምፅ። በእውቀቱ ያየዋል። ስለማይሰማም ደስ ይለዋል።

ሲሸኛቸው በቅሎዋ ላይ ሆነው «መቋሚያውንስ መቼ ነው?» አሉት።

«ከትንሣኤ በኋላ፣ የኔታ።»

«እሱ ካለ።»

በዐቢይ ጾም እኩሌታ አረፉ።

ከአርባቸው በኋላ ደባሱ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ የቀራቸውን ሊማሩ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። በእውቀቱ ልቡ በኩራት ተነፍቶ ከፈተላቸው። የየኔታ ድምፅ ጥርት ብሎ ጓዳውን ሞላው። ሦስቱ ተነሥተው መቋሚያቸውን ያዙና ጠበቁ። ደባሱ አንዴ ሊያነሣ ቃጣና ተወው።

«ጋሽ በእውቀቱ፣ ምቱ የት አለ?»

«ምቱን... ኋላ ልንቀዳው ነበር።»

ደባሱ ሊቆጣ አልቻለም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ዜማውንማ መጽሐፉም ይዞታል» አለ ቀስ ብሎ። «በምልክት ተጽፏል። መጽሐፍ የማይዘው መቋሚያው የት ተነሥቶ የት እንደሚወድቅ ነው። እሱን የያዙት የኔታ ብቻ ነበሩ።»

በእውቀቱ ተቀመጠ። የዚያች ጉልበት ላይ የምትነሣና የምትወድቅ እጅ ነገር ትዝ አለው፤ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ነበረች። የጠራረገው ቆሻሻውን ሳይሆን ትምህርቱን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኸው ነው። ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ አለቀሰ። የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች ሁሉ፣ ኮምፒውተሩ ጠበበ ብሎ በገዛ እጁ ደምስሷቸዋል።

«ያ ካሴትስ?» አለች አሰለች ከበሩ ላይ ሆና። ከመሳቢያ ፈልጋ አመጣችው።

ቴፑን ከፈቱት። ፍሪጁ እንደ ጉድ ያጉረመርማል፤ ከጉርምርምታው መሀል ግን ድም አለ፣ መቋሚያው። ሦስቱ ብድግ አሉ። ከየኔታ ጋር አነሡ፣ ከየኔታ ጋር ጣሉ። ደባሱ ፊቱ በራ፤ «ይኸውላችሁ! ይኸው ነው!» አለ። በእውቀቱም እንባውን ጠረገ። ወዲያው ምቱ መልኩን ቀየረ፤ ደባሱ ያልደረሰበት፣ ገና የሚማረው ክፍል መጣ። ሦስቱም ጆሯቸውን ጥለው መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ።

«የኔታ፣ እባክዎ መቋሚያውን ያስቀምጡልኝ» አለ የበእውቀቱ ድምፅ።

ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። ሦስቱ መቋሚያቸውን እንዳነሡ ቀሩ።