አልጠጣሁም

«አረቄው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አሉ ወይዘሮ አበራሽ፣ በእሳቸው ቤት በሹክሹክታ።

የወይዘሮ አበራሽ ሹክሹክታ ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ከጎንደር ተመድበው መጥተው ሠላሳ ዓመት እዚሁ አርባ ምንጭ አስተምረዋል፤ ድምፅ መቀነስ ጡረታ ከወጡ በኋላም አልሆነላቸውም። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ልክነሽ ፍራሿ ላይ እንደተቀመጠች ሰማች፤ ያልሰማች መስላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ሐሜቱን በሰማች ቁጥር ደረቷን ቀለል ይላታል፤ የሚያሳፍራትም ይኸው ነው።

ወንድሟ እንድሪያስ ዓርብ ተቀበረ፤ ዛሬ እሑድ ሣልስቱ ነው። የ1988 ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ የታችኛው ከተማ፣ የሲቀላ፣ ሙቀት ብሶበታል፤ የእድሩ ሸራ ድንኳን ደግሞ ሙቀቱን ይዞ አይለቅም። ልክነሽ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ ተቀብላ አልቅሳለች። አሁን እንባዋ አልቆ ሰው ሲገባ አፏ ብቻ ይከፈታል። ንፍሮው ሲዞር ቆንጥራ ትይዝና ሳትበላው እጇ ላይ ይደርቃል።

«አንቺስ የእህት ወጉን አድርሰሻል» ይሏታል ሲሰናበቷት። «ስንት ዓመት ተሸከምሽው! ለአንቺ ይስጥሽ።»

እሷም «አሜን» ትላለች። ሌላ ምን ትበል?

መሸከሙንስ ተሸክማዋለች። በ83 ጦሩ ሲበተን ሲቀላ በአንድ ክረምት ወንድ በዛባት። መሣሪያውን አስረክቦ፣ ባዶ እጁን ደጋ ወላጆቹ ጋ መውጣት ያፈረ ሁሉ እዚሁ ቀረ፤ እንድሪያስም አንዱ ነበር። ከሰሜን መጥተው ቢሮ ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ደግሞ እቃቸውን ጭነው ሄዱ፤ በለቀቁት ቤት ቀኑን ሙሉ ጫት የሚቅም ሥራ ፈት ገባበት። ሥራ የለም፤ አረቄ ግን በየአጥሩ ሥር ይሸጣል። እንድሪያስ ከምርቃናው ወደ አረቄው፣ ከአረቄው ወደ ቦዩ ነበር ውሎው። ልክነሽ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ጠዋት ገበያ ከመውጣቷ በፊት መጀመሪያ ወንድሟን ትፈልጋለች። አንዴማ የቅቤ ቅሏን ከነቅቤው ሸጦባት፣ ማታ አብሯት ሲፈልግ አምሽቷል።

በ86 ግንቦት ግን ራሱ መጥቶ «ዝጊብኝ» አላት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጓዳው ውስጥ አስገቢኝና ቆልፊው። ምንም ብል አትክፈቺ። በእናታችን አፅም ብለምንሽም አትክፈቺ።»

ቆለፈችው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ውሃና የበቆሎ ኩርኩፋ በትንሿ መስኮት እያቀበለች በሩ ሥር ተቀመጠች። ተንቀጠቀጠ፣ አስታወከ፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር አየ፣ የሞቱ ጓደኞቹን በስማቸው ጠራ። ለመናት፣ ሰደባት፣ አለቀሰባት። አልከፈተችም። በአሥረኛው ቀን ሲወጣ ጎኑ ከጎኑ ተጣብቆ ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቃት ሳሙና ነው።

«ከተመለሰብኝ እንደዚሁ አድርጊ» አላት ታጥቦ ሲመለስ። «አደራ።»

ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ መጫን ጀመረ። ዓምና የሕዝብ ቆጣሪው መጥቶ «የወንድምሽ ሥራ?» ሲላት ከልማድ «የለውም» አለች። እንድሪያስ ከጓሮ ሰምቶ «ሙዝ ጫኝ ነኝ! ጻፍ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ቆጣሪው ስቆ ጻፈ። ያን ቀን እሷም ከልቧ ነው የሳቀችው።

አጎቷ አቶ ኦይታ ትናንት ከደጋው፣ ከገረሴ ወርደዋል። ሽማግሌው በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ሲቆዝሙ ዋሉና ከሰዓት በኋላ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ።

«ልኬ፣ እኔ ነገ ጠዋት በአይሱዙው እወጣለሁ» አሏት። «እዚያ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። እንደ አገራችን ወግ ለቅሶውን ሜዳ ላይ ልንደግምለት ነበር ሐሳባችን። የሰው ልጅ ነው፤ ወታደርም ነበር። ግን ታሪኩን እያወሳ የሚያስለቅሰው ሰው ተነሥቶ ምን ይበል? ጠጥቶ ሞተ ይበል?»

ልክነሽ የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች።

«ታሞ ነበር ብለሻል። ከመታመሙ በፊት ጠጥቷል?»

«እንጃ፣ አጎቴ።»

«እንጃ» ለማለት አንድ ትንፋሽ አልፈጀባትም። አቶ ኦይታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ሜዳው ይቅር። ቤት ውስጥ እናለቅስለታለን» ብለው ወደ ወንዶቹ ተመለሱ።

ይህን ጊዜ ነው ካሱ የደረሰው። ካሱ የእንድሪያስ የጦር ጓድ ነው፤ አብረው ጠጥተው አብረው የተዉ፣ አብረው ሙዝ የሚጭኑ። ማክሰኞ ማለዳ ከጭነት መኪና ጋር ካምባ ሄዶ መርዶውን የሰማው ዛሬ ከተማ ሲገባ ነበር። ድንኳኑ በር ላይ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብሎ ወደቀ፤ ሰው አነሣው። ሲረጋጋ ከልክነሽ ፍራሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሁለቱ ወንዶች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሲቀላ ያለ ሰው ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። አረቄ ክፉኛ የምትጠራው ከሥራ መልስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ኩልፎ ድልድይ አጠገብ ይገናኙና አንዱ የሌላውን አፍ ያሸታል። ከዚያ ገላቸውን ታጥበው፣ አረቄ ቤቶቹን በሩቁ ዞረው፣ ወደየቤታቸው ይገባሉ። አንድ ዓመት ከአምስት ወር አንድም ቀን አላጓደሉም።

«ሰኞ አሽትቼዋለሁ፣ እትዬ» አለ ካሱ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከሙዝ በቀር ምንም አልሸተተኝም። ብርድ ብርድ አለኝ ሲለኝ ወባ ሳትሆን አትቀርም፣ ቶሎ ግባ፣ እትዬ ሐኪም ቤት ታድርስህ አልኩት።» እንባውን በክንዱ ጠረገ። «መርፌው እንቢ አለው ማለት ነው?»

ልክነሽ ንፍሮውን ጨብጣ ቀረች።

ሰኞ ማታ እየተንገዳገደ ነው የገባው። ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። በጥቅምት የሚንቀጠቀጥ ሰው ወባ እንደያዘው ሲቀላ ውስጥ ሕፃንም ያውቃል። በልክነሽ ቤት ግን መንቀጥቀጥ ሌላ ስም ነበረው። በሩ ላይ እንደቆመ ሲያስታውክ አየችው። አንድ ዓመት ከአምስት ወር ልፋቷ ገደል የገባ መሰላት።

«አልጠጣሁም፣ ልክነሽ።»

«ስንቴ ብለኸኛል?»

«ሙች አልጠጣሁም። ብርድ ነው።»

ጓዳ አስገብታ ቆለፈች። አደራው ነበር፤ ራሱ የሰጣት አደራ። ማክሰኞ በሩን ደበደበ፣ «ክፈቺልኝ፣ ልሞት ነው» አላት። ያኔም እንዲሁ ብሎ ነበር። ረቡዕ መቃዠት ጀመረ፤ የሞቱ ወታደሮችን ጠራ። ያኔም ጠርቶ ነበር። ጆሮዋን ይዛ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ ባለመክፈቷም፣ እግዚአብሔር ይይላትና፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቷት ነበር። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ድምፁ ጠፋ። ስትከፍት ዓይኑ ተገልብጧል። በጋሪ ሐኪም ቤት አደረሰችው፤ ረፋድ ላይ አለፈ። ሐኪሙ ደሙን መርምሮ ነበር። «ወባ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነው። ሁለት ቀን ቀድመሽ ብታመጪው ይተርፍ ነበር» አላት። ከእሷ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም።

«እትዬ?» አለ ካሱ።

መልስ ሳትሰጠው አቶ ኦይታ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እድርተኞች፣ እግዜር ይስጣችሁ» አሉ። «ልጃችንን በወጉ ቀብራችሁልናል። ድንኳኑ ዛሬ ይነሣ። ገረሴም ለቅሶ አይደገምም። አሟሟቱ እንዲህ ሆነ፤ ምን ይደረጋል።»

«ይሻላል፣ ይሻላል» አሉ ወይዘሮ አበራሽ።

«እንዴት ሆነ?» ካሱ ከመሬት ተነሣ። «አባቴ፣ እንድሪያስ አልጠጣም። እኔ ምስክር ነኝ።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ አብሮት ሲጠጣ የነበረው አይደለህም?»

ከወንዶቹ መሐል አንድ ሁለቱ ሳቃቸውን አፈኑ። ሌላው የካሱን ክንድ ያዝ አድርጎ «ተወው፣ ኀዘን ነው የሚያናግርህ» አለው፤ በደግነት ነው። ካሱ ሄዶ የአግዳሚው ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ የሚያምነው እንደሌለ ያወቀ ሰው አቀማመጥ ነበር።

ልክነሽ አየችው። ዝም ብትል ሁሉ ነገር ያልቃል፤ ድንኳኑ ይነሣል፣ አጎቷ ይሄዳሉ፣ እሷ ስንት ዓመት ወንድሟን የተሸከመች እህት ሆና ትኖራለች። እንድሪያስ ደግሞ ሰካራም ሆኖ ይኖራል። ድካሟ እስከ አጥንቷ ደርሶ ነበር፤ ይህን ውሸት ግን ከዚህ በላይ መሸከም አቃታት። መሬቱን ተደግፋ ተነሣች።

«ካሱ እውነቱን ነው» አለች። «አልጠጣም። ወባ ነበር። ሐኪሙ ነግሮኛል፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ሰኞ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ የጠጣ መስሎኝ ቆለፍሁበት። እስከ ሐሙስ። አልጠጣሁም እያለኝ። ግንባሩን እንኳ አልነካሁትም። ብነካው አውቀው ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ።

«የኔ ልጅ፣ ኀዘኑ ነው፣ አሁን ይህን ባታወሪ...» ጀመሩ ወይዘሮ አበራሽ።

«አረቄው ነው ስትሉ ሦስት ቀን ሰምቻለሁ፣ እትዬ አበራሽ። ደስ እያለኝ ነው የሰማሁት።»

ወይዘሮ አበራሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አቶ ኦይታ ወደ ልክነሽ ዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣም ምሕረትም አልነበረበትም።

«ነገ አብረሽኝ ትወጫለሽ» አሉ። «ለቅሶው ይደገማል። ሜዳው ላይ ቆመሽ አሁን ያልሽውን ትያለሽ። እሱ አለመጠጣቱን ሰው ይስማ፤ የአንቺንም ይስማ። ችለሽ ትቆሚያለሽ?»

«እቆማለሁ፣ አጎቴ።»

ለቀስተኛው ተራ በተራ ወጣ። የእህት ወጉን አድርሰሻል ያላት አልነበረም። አንዳንዱ ጉንጯን ሳማት፤ አንዳንዱ ጫማውን ሲፈልግ ቆይቶ ሳያያት ሄደ።

ካሱ ብቻ አግዳሚው ጥግ ላይ ቀረ፤ በጋቢው ተጠቅልሎ፣ አንገቱን ደፍቶ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ልክነሽ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ምንም አልሆንኩም፣ እትዬ» አላት ቀና ሳይል። «ለቅሶ ነው።»

የእጇን ጀርባ ግንባሩ ላይ አሳረፈች። ትኩሳት አልነበረውም። ካሱ ዓይኑን ጨፈነ፤ እሷም እጇን ሳታነሣ ቆየች።