የወልደ ኪዳን የሰኔ ክፍያ

«ይሄ ቀይ ቀለም ምንድን ነው?»

ስሜነሽ ባዶ ስልቻዋን ብብቷ ሥር እንደ ሸጎጠች መዝገቡ ላይ ጎንበስ አለች። ፊደል አትቁጠር እንጂ የራሷን መስመር አትስተውም፤ ማጭድ የሸነተረው የአውራ ጣቷ አሻራ ያለበት ነው። አምና ከአሻራው ጎን የነበረው ምልክት ሰማያዊ ነበር። ለገብስ ዘር ብድር ብላ ከይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ ላሊበላ ድረስ በእግሯ የመጣችው ያንን ሰማያዊ ተማምና ነው።

«ከታማኞቹ ተራ ወርደዋል፣ እማማ» አለ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አድማሴ። ከልጇ ከወልደ ኪዳን ጋር ዳዊት የደገመ ነው፤ ስንት ቀን ቤቷ በልቶ አድሯል። «ቀይ ያለበት ሰው ዘር አይበደርም።»

«እኔን ነው? ከድርቁ ወዲህ እንኳ የወሰድኩትን እስከ መጨረሻዋ ቁና አልመለስኩም?»

«መልሰዋል። የእርስዎስ ንጹሕ ነው። ግን ለወልደ ኪዳን የበግ መግዣ ብድር ዋስ ነዎት። የእሱ ሲጓደል ዋሱ ላይ ይዞራል።»

ወልደ ኪዳን ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ፣ እናቴ በእኔ እንዳትዋረድ እያለ፣ ከኪስ ገንዘቡ በየወሩ ሁለት ብር ለማኅበሩ ይልክ ነበር። ደብዳቤ ሲቀር እንኳ ያቺ ብር አትቀርም። ስሜነሽም ገበያ በወረደች ቁጥር «ደርሷል» ሲሏት፣ ልጄ ደኅና ነው ብላ ትመለስ ነበር። ከጥር ወዲህ ግን እሷ ራሷ ገበያ አልወረደችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቀረው?»

«ከጥር።»

«ለምን?»

አድማሴ ከመሳቢያው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አወጣ። «እዚህ ላይ ይፈርሙና ዕዳው ይሰረዛል። ስምዎ ይጸዳል፤ ዘሩንም ዛሬውኑ ይወስዳሉ።»

«አንብብልኝ።»

«እማማ...»

«አንብብ፣ ልጄ።»

«ወታደር ወልደ ኪዳን...» ብሎ ጀመረና ወረቀቱን መልሶ አስቀመጠው። ዓይኑ ሞላ። ስሜነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች።

ለካ ነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሰንበት ባገኟት ቁጥር «ዘርተሽ ጨረስሽ ወይ?» የሚሏት ለዚህ ኖሯል። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ሐዘን የገባበት ቤት ደግሞ ሞፈር አያነሣም። አዝነውላት ነው፤ መጀመሪያ ትዝራ ብለው።

«የሰሙ መስሎኝ ነው» አለ አድማሴ በሻከረ ድምፅ። «ነግረዋት ነው የመጣችው ብዬ።»

አላለቀሰችም። መርዶ ሳያረዷት ምን ብላ ታልቅስ? የሃያ ዓመት ልጇ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ሆኖ ተኝቷል።

«ባልፈርምስ?»

«ዕዳው እርስዎ ላይ ይቆያል፤ ዘርም የለም። ማሳዎ ጦም ማደሩ ነው፣ እማማ።»

ስሜነሽ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። የመቀነቷን ጫፍ ፈታች፤ ዘሩን ለሚጭንላት አህያ ኪራይ የቋጠረቻትን ሁለት ብር ከወረቀቱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠች።

«የሰኔን ተቀበለኝ» አለች። «በእኔ ስም አይደለም። ወልደ ኪዳን ከፈለ ብለህ ጻፍ።»

አድማሴ ጻፈ። እሷም ቀለሙ እስኪደርቅ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ባዶ ስልቻዋን አጣጥፋ ወጣች።